ይማርዎ የማይባልበት ሰፈር

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ የወዲህ ሰፈር እድር አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ አንድ ቃል ከለከለ። ቃሉ «ይማርዎ» ነው። የተከለከለውም ለሁሉም ሳይሆን ለአንድ ሰው፣ ለጋሽ እንዳላማው ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «አባላት ጋሽ እንዳላማውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ‹ይማርዎ› በማለት ፋንታ ‹ያኑርዎ› እንዲሉ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሕመምተኛው ቢያስነጥሱም እንዲሁ።»

የጋሽ እንዳላማው ልጅ ትርንጎ ከስብሰባው ላይ ነበረች። እጇንም አውጥታለች። ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሷ ብቻ እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ነውር መስሎ ታያት። ድምፁ ሙሉ የሆነው እንዲያ ነው።

ጎሽ ውሃ የምትባለውን ከተማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዝ ያልነው ለክብሩ ነው እንጂ በበጋ ዶሮ እግሯ ሳይርስ ትሻገረዋለች። ድሮ በሁለቱም ዳር ያለው ሰው የራሱን ሰፈር «ወዲህ»፣ የሌላውን «ማዶ» ይል ነበር። የንጽጽር ቢሮ መጥቶ ሲመዘግብ የቢሮው አለቃ የቆመው በዚህኛው ዳር ስለነበር ይኼኛው ወዲህ፣ ያኛው ማዶ ሆኖ ቀረ። ማዶዎች እስከ ዛሬ ይግባኝ ላይ ናቸው።

በየዓመቱ ግንቦት ሠላሳ ቀን ቢሮው ከወዲህ ሠላሳ አንድ፣ ከማዶ ሠላሳ አንድ በዕጣ የወጡ ሰዎችን የእጅ አምባር፣ ጤናን ከመቶ ነጥብ የሚሰጠውን፣ ያነባል። የየሰፈሩን አማካይ ያወጣና ልዩነቱን ይመረምራል። ልዩነቱ ጉልህ ካልሆነ ሁለቱም ሰፈር እንዳለ ይቀጥላል። ጉልህ ከሆነ ግን ዝቅ ያለው ሰፈር ጤና ጣቢያ ተነቅሎ ከፍ ወዳለው ይሄዳል። የቢሮው መመሪያ ገጽ አራት ላይ «ድንጋይ ላይ ዘር አይዘራም» ይላል። ያዘነም ያልተደሰተም ይግባኝ ማለት ይችላል፤ መልሱ በሰባት ዓመት ውስጥ ይሰጣል። የወዲህ ሰው ማዶ ሄዶ ልታከም ቢል አምባሩ በሩን አይከፍትለትም።

እንግዲህ በወዲህ ጤና ጣቢያ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ስድስት ሰዎች አሉ። ዕጣው ሠላሳ አንዱን ሲያወጣ ከስድስቱ አንዱንም አልነካም። ዕጣ ዕጣ ነው። ጣቢያው ከሄደ ግን ስድስቱ ሳምንት እንደማይሞሉ ሰው ሁሉ ያውቃል። የእድሩ የለቅሶ ድንኳን ደግሞ አንድ ነው።

ጋሽ እንዳላማው ከሠላሳ አንዱ አንዱ ናቸው። አርባ ዓመት ሲሚንቶ በከረጢት ሲሞሉ ኖረው፣ ሳንባቸው ጥር ላይ እንደ ከረጢቱ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ነጥባቸው ዘጠኝ ነው።

ከስብሰባው ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት መምህር ማስረሻ ትርንጎ ቤት መጡ። ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ አሁን የእድሩ ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው። በብብታቸው ደብተር ይዘዋል።

«ስንት አደርሽ ትርንጎ?»

«እንዴት አደርሽ» ከቀረ ቆይቷል።

«ሰባ ሁለት፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ዛሬ ሃምሳ አንድ። ነገ እታጠባለሁ፣ ከፍ ይላል። አባትሽስ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ» አሉ መምህር፣ ፊታቸው በርቶ። ወዲያው ደግሞ አፈሩና ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ላስረዳሽ ነው የመጣሁት። እንዳትቆጪኝ። ዘንድሮ ማዶዎች ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀምረው አማካያቸው ሰባ አራት ገብቷል። እኛ ያለ አባትሽ ሰባ አንድ ነጥብ ስድስት ነን።»

«ታዲያ ትንሽ ናት ልዩነቷ።»

«ትንሽ ናት። ግን ጸጥ ባለ ቤት ባልና ሚስት ቢጨቃጨቁ ጎረቤት ይሰማል አይደል? ያው ጭቅጭቅ ገበያ መሀል ቢሆን ማን ይሰማል? የቢሮው ስሌት ጆሮ ማለት ነው። ሌሎቹ ሠላሳ ሰዎቻችን ሰባ ላይ፣ ሰባ አምስት ላይ ተጠጋግተው ጸጥ ብለዋል። ስለዚህ ትንሿ ልዩነት ትሰማለች። አባትሽ ዘጠኝ ይዘው መሀላችን ሲቀመጡ ግን ገበያ እንሆናለን። ጫጫታ! ቢሮው ጆሮውን ቢያቆም ምንም አይሰማም።»

«አማካያችንን አያወርዱትም?»

«ያወርዱታል እንጂ። ጫጫታቸው ግን ካወረዱት ይበልጣል።» ደብተሩን ገልጠው በጣታቸው አሳዩአት። «ወሰኑ ሁለት ነው። ከሁለት በላይ ከወጣ ጣቢያው ሄደ። አባትሽ ዘጠኝ ላይ ሲሆኑ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት እናገኛለን። ተረፍን ማለት ነው።»

«እግዜር አያድርገውና ቢሞቱስ?»

«ቦታቸው በውርስ ለቤቱ ሰው ያልፋል፤ ለአንቺ። ያንቺ ሰባ ሁለት ደግሞ አይጠቅመንም፤ ጸጥ እንላለን። ሁለት ነጥብ ሦስት ሰባት።»

«ቢሻላቸውስ?»

መምህር በጣታቸው አንድ መስመር ወረድ አሉ። የግራ ክንዳቸው ደም ሥር፣ የማጠቢያው መርፌ የሚገባበት፣ እንደ ገመድ ተገትሮ እጅጌያቸውን ወጥሮታል።

«የሲሚንቶ ሳንባ ቢድን ቢድን አርባ ነው የሚገባው። አርባ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ለገበያነት አይበቃ፣ ሸክምነቱ ግን አለ። ሁለት ነጥብ ሦስት ዘጠኝ። እኔ ሦስቴ ነው የደመርኩት ልጄ፤ ሌላ መልስ ቢመጣልኝ ብዬ።»

«እና ምን ይሁኑ ነው የሚሉኝ?»

«እንዳሉ ይሁኑ» አሉ መምህር። «ቢበዛ አሥራ ሁለት። ከአሥራ ሁለት እንዳይበልጡብን።»

እድር ሲቋቋም ጀምሮ ሥራው የሞተን መቅበር ነበር። ዘንድሮ የወዲህ እድር አንድ ሰው እንዳይሞት ተረኛ መደበ። ጋሽ እንዳላማው ሌሊት ሲያቃስቱ የሚያዳምጥ፣ ቀን ሾርባ የሚያመላልስ ሰው አጥተው አያውቁም። ሾርባው ቀጭን ነው፤ ለነፍስ ማቆያ እንጂ ለብርታት አይሆንም። የጎረቤቷ የእትዬ ዘርፌሽዋል ነው። ልጃቸው ማንጠግቦሽ ከትርንጎ ጋር አብራ ያደገች ናት፤ ከስድስቱም አንዷ ናት።

«ያኑርዎ ጋሼ» ይሉ ነበር እትዬ ዘርፌሽዋል ሾርባውን እያስቀመጡ። «ያኑርዎ። ብቻ ያኑርዎ።»

በሳምንቱ ጋሽ እንዳላማው ልጃቸውን ጠሯት።

«ትርንጎ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው አባዬ?»

«ሰዉ ‹ይማርህ› ማለቱን ተወ። የሚገባው ‹ያኑርዎ›፣ የሚወጣው ‹ያኑርዎ›። እኔ ‹ይማርህ› ሳልለው ለምን ይመልስልኛል? መልሱ ከጥያቄው ቀደመብኝ እኮ!»

ሳቁና ሳሉ። ሳሉ ሳቁን ዋጠው። ትርንጎ ጀርባቸውን እየደገፈች አምባራቸውን አየች። ስምንት። ከዚያ ዘጠኝ። ከደጅ ተረኛው ተንፈስ ሲል ተሰማት።

ነገሩን ያበላሸችው የማዶ ሴት ናት። ወይዘሮ ስንዱ ይባላሉ፤ የማዶ እድር ሊቀመንበር ባለቤት። በግንቦት ሃያ ሦስት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጃንጥላ ይዘው ወንዙን ተሻገሩና እቤት ገቡ። ተረኛው ምሳ ላይ ነበር። ገና ከበሩ ላይ እንደቆሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«እግዚአብሔር ይማርዎ ጋሽ እንዳላማው! ይማርዎ! ፈጥኖ ይማርዎ!» አሉ።

ጋሽ እንዳላማው ተነሥተው ሊቀመጡ ታገሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያኑርሽ እመቤቴ፣ ያኑርሽ» አሉ። መልሳቸው ቦታውን አገኘ።

ወይዘሮ ስንዱ ከቦርሳቸው ሰማያዊ ጡጦ አውጥተው ለትርንጎ ሰጧት። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው። በወዲህ ጣቢያ የለም፤ ትርንጎ ከየካቲት ጀምራ ብትጠይቅ «ተራ ጠብቂ» ተብላ ነበር።

«በቀን ሦስቴ ይሳቡ። በሳምንት ውስጥ አርባ ይገባሉ።»

«ለምን እንዲህ ደከሙ እትዬ?»

«ምነው ልጄ! ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ?» ከዚያ ጃንጥላቸውን እያነሱ ጨመሩ፦ «ሳያቋርጡ እስከ ግንቦት ሠላሳ ይሳቡ። ሠላሳ ድረስ ብቻ እንኳ ቢሆን።»

ትርንጎ ገባት። ማዶም መምህር አለ። ማዶም ደብተር አለ፣ ደብተሩም ላይ የአባቷ ስም አለ። በዚያች ከተማ አባቷ እንዲሻላቸው ከልብ የሚመኙላቸው ሰዎች አባቷን የማያውቋቸው ብቻ ናቸው።

ጡጦውን በቀሚሷ ኪስ ያዘችው። አራት ቀን ከኪሷ አልወጣም። ማንጠግቦሽ ከጣቢያው ስትመለስ በደጅ ታልፍና በመስኮቱ በኩል «ስንት ዋልሽ ቂጦ?» ትላታለች፤ የልጅነት ስሟ ነው። ትርንጎ እጇ ኪሷ ውስጥ እንዳለ «ሰባ ሁለት» ትላለች። አባቷ ደግሞ ከአልጋቸው ላይ «ያቺ የማዶ ሴትዮ አትመጣም?» ይላሉ።

በአምስተኛው ቀን አባቷን ትንፋሽ አጠራቸው። ጋሽ እንዳላማው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው ግድግዳውን አየር እንደሚለምን ሰው ሆኑ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ትርንጎ ስድስቱን ረሳቻቸው። ጡጦውን አፋቸው ውስጥ ከታ አንዴ ጨመቀች። ደግማ ጨመቀች።

እስትንፋሳቸው ተመለሰ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ተናገሩ፦ «እንዴት ያለ ጥሩ አየር ነው፤ የት ደብቀሽው ኖረሽ?»

በእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሠላሳ አንዱ ሰው ነጥብ ቀን ከሌት ይበራል። ሃያ ስምንተኛው መስመር ላይ ዘጠኝ የነበረው አሥራ ስድስት ሲሆን አንዱ ጮኸ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሸዋቀና፣ መምህር ማስረሻና እትዬ ዘርፌሽዋል ትርንጎ ቤት ተቀምጠው ነበር። ጡጦው አልጋው ላይ ነበር፤ ሁሉም አይተውታል፤ ማንም አልተቆጣም።

«ምናልባት አየሩ ይሆናል» አሉ አቶ ሸዋቀና።

«ይሆናል» አሉ መምህር።

እትዬ ዘርፌሽዋል ግን ወለሉ ላይ ተንበርክከው የትርንጎን እግር ያዙ። «ልጄ፣ ከማንጠግቦሽ ጡቴን ከፍዬ ነው አንቺን ያጠባሁሽ። እናትሽ ስትሞት ማን አጠባሽ? ይህን አንሥቼብሽ አላውቅም፤ ዛሬ አነሣሁብሽ።»

«ይነሡ እትዬ። በማርያም ይነሡ።»

«ከእንግዲህ አትሰጪአቸውም?»

«አልሰጣቸውም» አለች ትርንጎ።

ግንቦት ሠላሳ ቀን ነጋ። ከቢሮው የመጣው አንባቢ ሸሚዙን የተኮሰ ወጣት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ የሚያነበው ልክ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የጋሽ እንዳላማው አምባር አሥራ ሦስት ይል ነበር። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣላቸውም።

ቤቱ ሞልቷል። ጫማ በደጅ ተደርድሯል። መምህር ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ደመሩ። 

«በአሥራ ሦስት ሁለት ነጥብ ዜሮ ዜሮ ሦስት።»

«በአሥራ ሁለትስ?» አሉ አቶ ሸዋቀና።

«አንድ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ።»

«አንዲት ነጥብ?»

«አንዲት ነጥብ።»

ሁሉም ወደ አልጋው ዞረ። አቶ ሸዋቀና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ጋቢዋን ትንሽ…» አሉና ራሳቸው ገፈፉ። አንዱ መስኮቱን ከፈተ። ሌላው ትራሳቸውን ከሥር ሳበ፤ ሲስበው «አይዞዎት» ይላል። ጋሽ እንዳላማው ጠፍጣፋ ተኝተው ጣራውን እያዩ ማፏጨት ጀመሩ። የሚያፏጨው ደረታቸው ነው።

ትርንጎ ከራስጌያቸው ቆማ ነበር። ጡጦው ኪሷ ውስጥ ነው። አንዴ ብትጨምቅ ሃያ ይገባሉ። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ስንት ነው የምትፈልጉት?» አሉ ጋሽ እንዳላማው በድንገት። ነገሩን ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። ይሄን ሁሉ ሰው ያየ ሰው ነጋሪ አይፈልግ ይሆናል።

መምህር ደብተራቸውን አጠፉ።

«አሥራ ሁለት፣ ጋሼ» አሉ መምህር ማስረሻ።

«ተማሪ ሳለሁ ከሠላሳ አንድ ልጅ ሠላሳ አንደኛ ወጣሁ» አሉ ጋሽ እንዳላማው፣ በየቃሉ እየተነፈሱ። «ያን ዕለት አባቴ ገረፈኝ… ዛሬም… ሠላሳ አንደኛ ነኝ።» ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። «ትርንጎ፣ ያ አየር…»

ትርንጎ እጇን ኪሷ ውስጥ አስገባች። ጡጦውን ጨበጠች። ሰው ሁሉ እጇን ያያል። መቼም ያን ያህል ሰው እያየ…

እጇን ባዶውን አወጣችና የአባቷን ግንባር ዳበሰች።

አምባሩ አሥራ ሁለት አለ። እትዬ ዘርፌሽዋል እልል አሉ። ከደጅ ያሉት ተቀበሏቸው፤ እልልታው ከቤት ቤት እየዘለለ አዳራሹ ደረሰ፤ ወጣቱ አንባቢ ሠርግ መስሎት «ደግ ዋሉ» አለ ይባላል። ልክ በአራት ሰዓት አነበበ። ስድስት ሰዓት ሲሆን በድምፅ ማጉያው ተነገረ፦ «በወዲህና በማዶ ሰፈሮች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።»

«እኩል ነን!» እያለ ሰፈሩ ጨፈረ። ከወንዙ ወዲያ ወይዘሮ ስንዱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ሲገቡ ታዩ።

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ አቶ ሸዋቀናን ደጅ አገኘቻቸው።

«አሁንማ አለፈ። መድኃኒቱን ልስጣቸው?»

አቶ ሸዋቀና መልካም ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ነው። «ቁጥሩ ወሰኑን ታኮ ስላለፈ ቢሮው ነሐሴ ሠላሳ ድጋሚ አነባለሁ ብሏል። ሦስት ወር ናት ልጄ። ሦስት ወር ምን አላት?» መዳፋቸውን ዘረጉ። «ለአንቺም ፈተና ነው ከኪስሽ ቢቀመጥ። አደራሽን እኛ እንያዝልሽ።»

ትርንጎ መዳፉን አየችው። ከዚያ ሰጠቻቸው። ጡጦው ከድንኳኑ፣ ከሰሌኑና ከብረት ድስቶቹ ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት።

ጋሽ እንዳላማው ሰኔ ዘጠኝ ቀን፣ ሾርባው ገና ሳይቀዘቅዝ ሞቱ። ከመስኮቱ የገባው ብርድ ነው ያሉ አሉ። ጊዜው ነው ያሉም አሉ። ተረኛው ተወቀሰ።

ወዲህ ሰፈር እንዲህ ያለ ቀብር አይቶ አያውቅም። ስድስቱም ኩላሊት ታጣቢዎች ቃሬዛውን ለመሸከም ተሽቀዳደሙ፤ አቅሙ ባይኖራቸውም እጃቸውን አስነክተዋል። መምህር ማስረሻ የሕይወት ታሪክ አነበቡ። «ለሰፈራቸው ከማንም በላይ የከበዱ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ሰውም አለቀሰ። ዝናቡ አላቆመም። ትርንጎ ከመቃብሩ አፍ ሦስት ሰዓት ቆማ በሰበሰች።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ እትዬ ዘርፌሽዋል የባላቸውን ወፍራም ጋቢ አምጥተው ትከሻዋ ላይ ደረቡላት። «የኔ ልጅ፣ የኔ ብቸኛ» እያሉ ጠርዙን ከአገጯ ሥር አጥብቀው ያዙላት። ትርንጎ ብዙ ቀን እንዲህ አልሞቃትም ነበር። ማንጠግቦሽ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች።

አቶ ሸዋቀና ገቡና ከመምህር ማስረሻ አጠገብ ተቀመጡ። ወረቀት ይዘዋል። ጥቂት ሲንሾካሾኩ ቆይተው መምህር ወደ እሷ ዞሩ።

«ስንት አደርሽ ትርንጎ?»

«ሰባ ሁለት» አለች።

መምህር ደብተራቸውን ገለጡ። ሃያ ስምንተኛው መስመር ላይ «እንዳላማው» የሚለውን ሰርዘው «ትርንጎ» ብለው ጻፉ። ከፊቱ ሰባ ሁለት፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ነጥብ ሦስት ሰባት ጻፉ። ሰባ ሁለቱን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።  ለነሐሴ ሠላሳ ሰማንያ ቀን ቀርቷል።

ያን ጊዜ ትርንጎ አስነጠሳት።

ከፍ ያለ፣ የብርድ ማስነጠስ ነው። ከልማድ የተነሣ መልሱን ምላሷ ላይ አዘጋጅታ ጠበቀች። «ይማርሽ» ያለ ሰው የለም። አቶ ሸዋቀና ወረቀታቸውን ያያሉ። ማንጠግቦሽ እጇን ቀስ ብላ ከትርንጎ እጅ አወጣች።

«ያኑርሽ» አሉ መምህር ማስረሻ፣ በለሆሳስ።

«አሜን» አለ ድንኳኑ።

እትዬ ዘርፌሽዋል ጎንበስ ብለው ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ጣታቸውን ከአገጯ ሥር አስገብተው የጋቢውን ጠርዝ ፈቱት።

«ይሞቅሻል ልጄ» አሉና ከትከሻዋ ላይ አነሡላት።